አሮጌው ካሜራ ስንት ያወጣል? ሐቁስ የማን ነው?



በብዙ ቤቶቻችን ከቁም ሣጥን አናት ላይ ወይም አልጋ ሥር ከተገፋ ሻንጣ ውስጥ፣ በቆዳ ማኅደሩ እንደተዘጋ የተቀመጠ አንድ አሮጌ የፊልም ካሜራ አይጠፋም። አንዱን አባት በሶቭየት ኅብረት ተምረው ሲመለሱ ይዘውት የመጡት ነው። ሌላውን አጎት ከዐረብ አገር ሥራ ሲመለሱ ገዝተው ያመጡት ነው። ሌላው ደግሞ በአንድ ወቅት ፎቶ ቤት ውስጥ ቤተሰብ ሲያስተዳድር የኖረ የእንጀራ ዕቃ ነበር። ዛሬ ሁሉም ሰው በእጅ ስልኩ ፎቶ በሚያነሳበት ዘመን ካሜራው ሥራ ፈትቶ አቧራ ለብሷል። የባለቤቱም ነገር እንዲሁ ነው፤ ምናልባት ወደ አኺራ ሄደዋል።

አንድ ቀን ቤት ሲጸዳ ካሜራው ይወጣል። "ይህ ደግሞ ምን ያደርጋል?" ይባላል። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ብዙውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው። ወይ ለሕፃናት መጫወቻ ይሰጣል፤ ወይ በሰፈር ለሚያልፈው ቆራሌው ይሸጣል፣ በልዋጭም በአንድ የፕላስቲክ ሳፋ ይለወጣል፤ ወይም ደግሞ ከቤተሰቡ አንዱ "አሮጌ ካሜራ በሚሊዮን ይሸጣል" የሚል ወሬ ሰምቶ ለዓመታት በባዶ ተስፋ ታቅፎት ይቀመጣል። ሦስቱም ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ናቸው። ይኸውም የዕቃውን እውነተኛ ዋጋ አለማወቅ ነው።

በዚህ ወር ጽሑፋችን የምንመለከተው ይህንኑ ጉዳይ ነው። ርዕሱ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ዕቃው የእኛ ብቻ ካልሆነ፣ የእናት፣ የእኅትና የየቲም ድርሻ ያለበት ከሆነ፣ "ስንት ያወጣል?" የሚለው ጥያቄ የገበያ ጥያቄ ብቻ መሆኑ ይቀራል። የሐቅ ጥያቄ ይሆናል።

የሰውን ዕቃ ማራከስ

ቁርኣን የነቢዩ ሹዐይብን (ዐ.ሰ) ታሪክ ሲነግረን፣ ወገኖቻቸውን ከተውሒድ ቀጥሎ ያስጠነቀቋቸው ስፍርና ሚዛንን እንዲሞሉና የሰዎችን ንብረት እንዳያጎድሉባቸው እንደነበር ይገልጻል (ሱረቱል አዕራፍ፣ 85)። የቁርኣን ተንታኞች እንደሚያስረዱት ይህ ማስጠንቀቂያ ሚዛን በማጉደል ብቻ የሚወሰን አይደለም። የሰውን ዕቃ ያለ አግባብ ማጣጣልንና ከዋጋው በታች አሳንሶ መውሰድንም ይጨምራል።

እንግዲህ ዋጋን ማወቅ የስስት ምልክት አይደለም። አንድ ሙስሊም ዕቃውን ሲሸጥ እንዳይበደል፣ ሲገዛም እንዳይበድል፣ አደራ ሲይዝም እንዳያጎድል የሚረዳው ዕውቀት ነው። የፊቅህ ሊቃውንት አንድ ዕቃ ስንት እንደሚያወጣ ክርክር ሲነሳ ጉዳዩን ወደ "አህሉል ኺብራ"፣ ማለትም በዚያ ሙያ ልምድ ወዳላቸው ሰዎች የሚመልሱት ለዚሁ ነው።

ዕድሜ ብቻውን ዋጋ አይሆንም

ስለ አሮጌ ካሜራ ከሚነገሩ ስሕተቶች የመጀመሪያው "አሮጌ ስለሆነ ውድ ነው" የሚለው ነው። እውነታው ግን ሌላ ነው። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የአሜሪካው ኮዳክ ኩባንያ በ1900 ብራውኒ የተባለችውን ቀላል የሣጥን ካሜራ በአንድ ዶላር መሸጥ ጀመረ። ከዚያ በኋላ በልዩ ልዩ ዓይነት እየተሻሻለች በብዙ ሚሊዮን ተመረተች። ስለሆነም ዛሬ ዕድሜያቸው ሰማንያና ዘጠና ዓመት የሆናቸው ብዙ የብራውኒ ካሜራዎች በርካሽ ይገኛሉ። አርጅተዋል፤ ግን ሞልተዋል።

በተቃራኒው የጀርመኑን ላይካ እንመልከት። ኦስካር ባርናክ የተባለው የላይካ ፈልሳፊ ራሱ ይጠቀምበት የነበረውና በ1923 ገደማ ለሙከራ ከተሠሩት ጥቂት ካሜራዎች አንዱ የሆነው ቁጥር 105፣ በሰኔ 2022 ጀርመን ውስጥ በቬትስላር ከተማ በጨረታ 14.4 ሚሊዮን ዩሮ አውጥቷል። "ካሜራ በሚሊዮን ይሸጣል" የሚለው ወሬ የሚመጣው ከእንዲህ ዓይነቱ ዜና ነው። ነገር ግን ያንን ዋጋ ያመጣው እርጅናው አይደለም። ከጥቂቶች አንዱ መሆኑ፣ የማን እንደነበረ በማስረጃ መታወቁና ፈላጊዎቹ ባለሀብቶች መሆናቸው ነው።

በአገራችን በብዛት ከሚገኙት መካከል አንዱ የሆነው የሶቭየቱ ዘኒት ኢ ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለሃያ ዓመታት ያህል ሲመረት ቆይቶ ብዛቱ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ደርሷል። በመሆኑም በውጭ ገበያ በአብዛኛው የሚያወጣው ጥቂት አሥር ዶላሮችን ነው። የተከበረ ዕቃ ነው፤ ጠንካራ ነው፤ ሀብት ግን አያደርግም። በአንጻሩ ከ1954 እስከ 1966 የተሠራው ላይካ ኤም 3 በደህና ይዞታ ከተገኘ ብዙውን ጊዜ ከሺህ ዶላር በላይ ይጠየቅበታል። ልዩነቱ ከዕድሜ የመጣ እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ስለዚህ የአንድ ካሜራ ዋጋ በአራት ነገሮች ላይ ይቆማል ማለት ነው። እነርሱም፦ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ስንት እንደተሠራ፣ በምን ይዞታ ላይ እንዳለና ዛሬ ፈላጊ ያለው መሆኑ ናቸው።

ፈላጊ አለው ወይ?

"ፊልም ጠፍቶ የለም እንዴ? ማን ይገዛዋል?" የሚል ጥያቄ ይነሳ ይሆናል። በእርግጥ ዲጂታል ካሜራ ሲስፋፋ የፊልም ኢንዱስትሪው በጣም ተጎድቶ ነበር። ኮዳክ እንኳ በ2012 ከአበዳሪዎቹ ጥበቃ ለማግኘት ፍርድ ቤት ሄዷል። ከዚያ ወዲህ ግን ነገሩ በከፊል ተለውጧል። በተለይ ወጣቶች ወደ ፊልም ተመለሱ። ፔንታክስ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ2024 አዲስ የፊልም ካሜራ ለገበያ እስከማቅረብ ደርሷል። በዚህም ምክንያት በ1976 የወጡት ካኖን ኤኢ 1 እና ፔንታክስ ኬ 1000፣ በ1982 የወጣው ኒኮን ኤፍኤም 2፣ እንዲሁም ከላይ ወደ ታች የሚታዩት ባለ ሁለት ሌንሶቹ ያሺካ ማት ካሜራዎች ዛሬም ይፈለጋሉ።

አንዳንዴም ሌንሱ ከካሜራው አካል ይበልጣል። በዘኒት ላይ የሚገኘው ሄሊዮስ 44 የተባለው ሌንስ በማገናኛ ቀለበት በዲጂታል ካሜራ ላይ ሊገጠም ስለሚችል ብዙ ሰዎች የሚገዙት ለእርሱ ሲሉ ነው። ስለዚህ አካሉ ተበላሸ ብሎ ሌንሱን አብሮ መጣል ስሕተት ነው።

የመጀመሪያው ሥራ፦ ማንነቱን ማወቅ

ዋጋ ከመጠየቅ በፊት በእጃችን ያለው ምን እንደሆነ መታወቅ አለበት። በወረቀት ላይ የሚከተሉትን እንጻፍ፦ የካሜራውን ስም፣ የሞዴሉን መጠሪያ፣ በአካሉ ላይ ያለውን መለያ ቁጥር፣ በሌንሱ ፊት ዙሪያ የተቀረጸውን ስምና ቁጥር፣ ከእርሱ ጋር ያሉትን ማኅደር፣ ክዳን፣ ፍላሽና የመመሪያ መጽሐፍ። በዘኒት ካሜራዎች ላይ የመለያ ቁጥሩ የመጀመሪያ ሁለት አኃዞች በአብዛኛው የተሠራበትን ዓመት ያመለክታሉ። ለምሳሌ ቁጥሩ በ78 የሚጀምር ከሆነ የ1978 ሥራ ነው።

"ላይካ" የሚል ጽሑፍ ያየ ሰው ግን ከመደሰቱ በፊት ቆም ይበል። ፌድና ዞርኪ የተባሉት የሶቭየት ካሜራዎች መነሻቸው የላይካ ቅጂ በመሆኑ፣ ብዙዎቹ በኋላ ስማቸው ተፍቆ "ላይካ" ተብሎ ተቀርጾባቸዋል። አንዳንዶቹ በወርቅ ቀለም ተለብጠው፣ የጦርነት ዘመን ምልክት ተደርጎባቸው ይሸጣሉ። መለያ ዘዴው እንዲህ ነው። ሌንሱ ተፈትቶ ሲወጣ በውስጥ በኩል የርቀት መለኪያውን የምትገፋ ትንሽ ክንድ ትታያለች። በእውነተኛው ላይካ ላይ ጫፏ ክብ ተሽከርካሪ ነው። በፌድና በዞርኪ ላይ ግን በአብዛኛው እንደ ሽብልቅ የሾለ ጠፍጣፋ ብረት ነው። ይህን እያወቀ "ላይካ ነው" ብሎ የሚሸጥ ሰው ያታልላል። ሳያውቅ በላይካ ዋጋ የሚገዛም ይታለላል።

ሁለተኛው ሥራ፦ ጤንነቱን መመርመር

ምርመራው ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም። ንጹሕ እጅ፣ የባትሪ መብራትና ትዕግሥት ይበቃሉ። ቅደም ተከተሉ እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፦ የኋላ በሩን ከመክፈታችን በፊት ውስጡ ፊልም መኖር አለመኖሩን እናረጋግጥ። ፊልሙን ወደ ጣሳው የሚመልሰውን ቁልፍ በቀስታ ስናዞረው የሚይዝና የሚከብድ ከሆነ ፊልም ሊኖርበት ይችላልና አንክፈተው። በዚህ ጉዳይ ላይ በኋላ እንመለስበታለን።

ሁለተኛ፦ ፊልም ከሌለ ሌንሱን በብርሃን እንመልከተው። በአንድ በኩል የባትሪ መብራት እያበራን በሌላው በኩል ስናይ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ከታየ ሻጋታ ነው። ሻጋታ እርጥበት ባለበት ቦታ በቆየ ሌንስ ላይ ይበቅላል፤ ሲቆይም የመስታወቱን ቅብ ይበላል። በቆዳ ማኅደር ውስጥ ለዓመታት ማቆየትም እርጥበት አምቆ ስለሚይዝ ይጎዳል። ጥቂት አቧራ ግን ፎቶውን አያበላሽምና እንደ ትልቅ ጉድለት አይቆጠርም።

ሦስተኛ፦ መዝጊያውን ወይም ሻተሩን እንሞክር። የኋላ በሩን ከፍተን በየፍጥነቱ እያጠነጠንን እናንሳ። ዝግ ያሉት ፍጥነቶች ብዙውን ጊዜ ቅባታቸው ስለደረቀ ይንቀራፈፋሉ ወይም ይጣበቃሉ። እዚህ ላይ የካሜራውን ዓይነት ማወቅ ይጠቅማል። ዘኒት ኢ ከሠላሳኛ ሰከንድ በታች የተለካ ዝግ ፍጥነት ከፋብሪካውም የለውምና "አንድ ሰከንድ ጎደለው" ብሎ ዋጋ መቀነስ አይገባም። ዞርኪ 4 ደግሞ ሳይጠነጠን ፍጥነቱ ከተለወጠ ሊበላሽ ስለሚችል መጀመሪያ ማጠንጠን ያስፈልጋል። የመዝጊያው መጋረጃ ጨርቅ ከሆነም ቀዳዳ እንዳለው በብርሃን ይታያል። በተለይ የርቀት መለኪያ ያላቸው ካሜራዎች ሌንሳቸው ፀሐይ እያየ ከተቀመጡ ጨረሩ ጨርቁን ሊያቃጥለው ይችላል።

አራተኛ፦ ባትሪ ሳይቀየርለት "ሞቷል" አይባል። ካኖን ኤኢ 1 ያለ ባትሪ ጨርሶ አያነሳም። ኒኮን ኤፍኤም 2 እና ፔንታክስ ኬ 1000 ግን ያለ ባትሪም ያነሳሉ፤ ባትሪው የሚያገለግለው ለብርሃን መለኪያው ብቻ ነው። ዘኒት ኢ ደግሞ ብርሃን መለኪያው በሴሌኒየም ስለሚሠራ ባትሪ አይፈልግም፤ በዕድሜ ብዛት ግን ይደክማል። በድሮ ጊዜ በሜርኩሪ ባትሪ ይሠሩ የነበሩ ብዙ ካሜራዎችም አሉ። ሜርኩሪ መርዛማ በመሆኑ አሜሪካ በ1996 ባወጣችው ሕግ የእነዚህን ባትሪዎች ሽያጭ ስታግድ ሌሎች አገሮችም ተመሳሳይ እርምጃ ወስደዋል። ስለዚህ ባትሪው ከገበያ መጥፋቱ የካሜራው ብልሽት ተደርጎ መታየት የለበትም።

አምስተኛ፦ በኋላ በሩ ጠርዝ ላይ ብርሃን እንዳይገባ የሚከለክለው ጥቁር ስፖንጅ እንደ ሬንጅ ቀልጦ ከሆነ መለወጥ አለበት። ወጪው ትንሽ ቢሆንም ከሒሳብ ይገባል።

ከሁሉ በላይ መጠንቀቅ ያለብን "ላሳምረው" ከሚል ፍላጎት ነው። በአልኮል መወልወል፣ ዘይት መጨመር፣ ብሎን መፍታት፣ ጫፉ የተላጠውን ቀለም መቀባት ዋጋ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ አንስቶ መተው ይበቃል።

ሦስተኛው ሥራ፦ ገበያውን መጠየቅ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው የተጠየቀ ዋጋንና የተሸጠበትን ዋጋ ባለመለየቱ ነው። ማንም ሰው ለዕቃው የፈለገውን ሊጠራ ይችላል። ኢቤይ በመሳሰሉ የውጭ የኢንተርኔት ገበያዎች ላይ አንድ ካሜራ በአምስት መቶ ዶላር ተለጥፎ ለዓመታት ሳይሸጥ ሊቆይ ይችላል። በአገራችን የቴሌግራም ገበያም እንዲሁ ነው። ዋጋ የሚባለው ሻጭና ገዢ ተስማምተው ገንዘብ የተለዋወጡበት ነው። በመሆኑም የተሸጡትን ብቻ ለይቶ የሚያሳየውን ዝርዝር መመልከት፣ በከተማ ውስጥም ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ሰዎችን፣ ማለትም አንድ ካሜራ ጠጋኝ፣ አንድ ነባር ፎቶ ቤትና አንድ በፊልም የሚያነሳ ወጣት መጠየቅ ይበጃል።

ለምሳሌ ያህል ብቻ ቁጥር እንውሰድ። ከእኛ ጋር አንድ ዓይነት የሆኑ አምስት ካሜራዎች በቅርቡ በ9,000፣ በ11,500፣ በ12,000፣ በ12,500 እና በ26,000 ብር ተሸጡ እንበል። አማካዩን ብንወስድ 14,200 ብር ይመጣል። ነገር ግን ከአምስቱ አራቱ ከዚህ በታች ነው የተሸጡት። አማካዩን ወደ ላይ የሳበው አንዱ ብቻ ሲሆን፣ እርሱም ከነካርቶኑ፣ አዲስ ጥገና ተደርጎለት የተሸጠ ሊሆን ይችላል። ለተማሪዎቻችን በክፍል ውስጥ እንደምናስተምረው፣ እንዲህ ዓይነት ነገር ሲገጥም መካከለኛውን ወይም ሚዲያኑን መውሰድ ይሻላል። እርሱም 12,000 ብር ነው።

ይህ ግን በደንብ የሚሠራ ካሜራ ዋጋ ነው። የእኛው ዝግ ፍጥነቶቹ ተጣብቀዋል፤ ጠጋኙም 2,500 ብር ጠየቀ እንበል። ከጥገናው በኋላ አንድ ፊልም ገዝቶ፣ አንስቶና አሳጥቦ ለማረጋገጥ 1,500 ብር ይወጣል እንበል። 12,000 ሲቀነስ 4,000፣ እኩል ይሆናል 8,000 ብር። ካሜራው አሁን ባለበት ሁኔታ ሊያወጣ የሚገባው ተቀራራቢ ዋጋ ይህ ነው። ወደ ውጭ አገር የሚሸጥ ከሆነ የፖስታ፣ የጉምሩክና የገበያው ኮሚሽን ደግሞ ይቀነሳል። የውጭውን ዋጋ በቀጥታ ወደ ብር መትቶ "ይህን ያህል ነው" ማለት ስሕተት የሚሆነው ለዚህ ነው።

ስንሸጥ፣ ስንገዛ

የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ አንድ የእህል ክምር አይተው እጃቸውን ወደ ውስጥ ቢያስገቡ እርጥበት አገኙ። ሻጩ ዝናብ እንደመታው ሲናገር፣ ሰዎች እንዲያዩት ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠይቀው፣ አታላይ የእርሳቸውን ፈለግ የተከተለ አለመሆኑን ገልጸዋል። ሐዲሱን ሙስሊም ዘግበውታል። የሌንስ ሻጋታ የዚያ ክምር ውስጣዊ እርጥበት አምሳያ ነው። ከላይ አይታይም፤ ሻጩ ግን ያውቀዋል። እያወቀ ደብቆ ከሸጠም ገዢው ጉድለቱን ሲያገኝ የመመለስ መብት ይኖረዋል። ይህንንም የፊቅህ ሊቃውንት የዐይብ ኺያር ይሉታል። እንዲሁም ሻጭና ገዢ እውነት ተናግረው ጉድለቱን ከገለጹ ንግዳቸው እንደሚባረክ፣ ከዋሹና ከደበቁ በረካው እንደሚነሳ ከሐኪም ኢብን ሒዛም በተላለፈው ሐዲስ ተመልክቷል። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ወዳጅን አቁሞ ሳይገዛ ዋጋ እንዲያስወጣ ማድረግም ነጅሽ ይባላል፤ የተከለከለ ነው።

ይህ ሲባል ትርፍ የተከለከለ ነው ማለት አይደለም። ዑርዋ አል-ባሪቂ (ረ.ዐ) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በግ እንዲገዙላቸው በሰጧቸው አንድ ዲናር ሁለት በጎች ገዝተው፣ አንዱን በአንድ ዲናር ሸጠው፣ በግና ዲናር ይዘው ሲመለሱ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በረካ እንዲሆንላቸው ዱዓ አድርገውላቸዋል። ቡኻሪ ዘግበውታል። አሮጌ ካሜራ ገዝቶ፣ ጠግኖ፣ አትርፎ የሚሸጥ ወጣት ሐላል ሥራ ላይ ነው። ለመሸጥ ብሎ የገዛው ዕቃ ግን የንግድ ዕቃ ነውና፣ ኒሷብ ከሞላና ዓመት ከዞረበት በዕለቱ የገበያ ዋጋ ተተምኖ ሁለት ነጥብ አምስት በመቶ ዘካ ይወጣበታል። ለራሱ መገልገያ ባስቀመጠው ካሜራ ላይ ዘካ የለበትም።

ታዲያ ገዢው የዕቃውን ዋጋ የሚያውቅ፣ ሻጩ ግን የማያውቅ ሲሆንስ? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነጋዴዎች ሸቀጥ ጭነው የሚመጡ መንገደኞችን ከከተማ ውጪ ወጥተው እየተቀበሉ እንዳይገዟቸው ከልክለዋል። የተሸጠበት ሰው ገበያ ደርሶ ዋጋውን ሲያውቅ ሽያጩን የማፍረስ ምርጫ እንዳለው በሙስሊም ዘገባ ተገልጿል። ዛሬ በር አንኳኩቶ ከአንዲት ባልዋ የሞተባት እናት እጅ ካሜራውን በአራት መቶ ብር የሚወስድ ዐዋቂ ደላላ፣ ከከተማ በር ላይ ቆሞ መንገደኛ ከሚጠብቀው ነጋዴ በምን ይለያል?

የሶሓባው ጀሪር ኢብን ዐብዱላህ (ረ.ዐ) ታሪክ ደግሞ ከዚህም ከፍ ያለ ነው። ጦበራኒ እንደዘገቡት አገልጋያቸው አንድ ፈረስ በ300 ዲርሃም ተስማምቶ አመጣ። ጀሪር ፈረሱን አይተው ለባለቤቱ ከዚህ እንደሚበልጥ እየነገሩ ዋጋውን ራሳቸው ከፍ እያደረጉ በ800 ዲርሃም ገዙት። ለምን እንዲህ እንዳደረጉ ሲጠየቁም ለእያንዳንዱ ሙስሊም በጎ ለመመኘትና ለመምከር ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቃል መግባታቸውን ተናገሩ። ወጣቶች ሆይ! ዕውቀት ያለው ገዢ በእንዲህ ዓይነት ገበያ ላይ ምን ሊሆን እንደሚችል ከዚህ ተማሩ።

ካሜራው የውርስ ከሆነ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስን። ሱረቱ አን-ኒሳእ በ7ኛው አንቀጽ ወንዶችም ሴቶችም ወላጆችና ዘመዶች ከተዉት ንብረት፣ ጥቂትም ይሁን ብዙ፣ የተወሰነ ድርሻ እንዳላቸው ይደነግጋል። "ጥቂትም ይሁን" የሚለውን ልብ እንበል። ቤትና መሬት በሽማግሌ ፊት ይከፋፈላል። የእጅ ሰዓት፣ ራዲዮና ካሜራ ግን "ይህማ ምን አላት" ተብሎ ከቤቱ ጠንካራ የሆነው ሰው ኪስ ውስጥ ይገባል።

አንድ አባት ሚስት፣ አንድ ወንድ ልጅና ሁለት ሴት ልጆች ትተው ሞቱ እንበል። ወላጆቻቸው በሕይወት የሉም፤ ዕዳቸው ተከፍሏል፤ ኑዛዜያቸውም ተፈጽሟል። ልጆች ስላሉ የሚስት ድርሻ አንድ ስምንተኛ ነው። ቀሪው ለልጆች፣ ለወንዱ የሁለት ሴት ድርሻ ተደርጎ ይከፈላል። ከላይ በ8,000 ብር የተመንነው ካሜራ ቢሆን እናት 1,000፣ ወንድ ልጅ 3,500፣ እያንዳንዷ ሴት ልጅ 1,750 ብር ይደርሳቸዋል።

ያው ካሜራ ሳይጠየቅ ለቆራሌው በ400 ብር ቢሸጥ እናት 50፣ ወንድ ልጅ 175፣ እያንዳንዷ ሴት ልጅ 87 ብር ከ50 ሳንቲም ብቻ ያገኛሉ። ታላቅ ወንድም "የአባቴ ማስታወሻ ነው" ብሎ ዝም ብሎ ቢወስደው ደግሞ እናትና እኅቶች ምንም አያገኙም። 1,750 ብር ለአንዲት ተማሪ ደብተርና የደንብ ልብስ ነው።

ማስታወሻ መፈለግ ክፉ ነገር አይደለም። መንገዱ ግን ይህ ነው። ካሜራው በዐዋቂ ሰው ይተመን፤ ወንድም ይውሰደው፤ ዋጋው ግን ከድርሻው ላይ ይታሰብ፤ የሚበልጥ ከሆነም ልዩነቱን ይክፈል። ለአቅመ አዳምና ሔዋን የደረሱት ወራሾች በሙሉ ፈቃዳቸው ቢተዉለት መብታቸው ነው። የሕፃናትን ድርሻ ግን እናትም ሆነች አጎት "ይቅርለት" ብለው ሊሰጡበት አይችሉም። የየቲም ገንዘብ ነውና። ሱረቱ አን-ኒሳእ በ2ኛው አንቀጽ የየቲሞችን መልካም ንብረት በመጥፎ መለወጥን ይከለክላል፤ በ10ኛውም የየቲምን ገንዘብ በግፍ የሚበላ ሰው በሆዱ እሳት እንደሚበላ ያስጠነቅቃል። የየቲሞች ካሜራ በልዋጭ ሳፋ ሲቀየር ይህ አንቀጽ ትዝ ሊለን ይገባል።

በኦቶማን ዘመን ከ1869 እስከ 1876 ተዘጋጅቶ የወጣው መጀለተል አሕካም የተባለው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በተንቀሳቃሽ ዕቃ ሽያጭ ላይ ከዋጋው አንድ ሃያኛ ያህል መጉደልን ከባድ ጉዳት ብሎ ቆጥሮታል። ሊቃውንት በመጠኑ ላይ የተለያየ አስተያየት ቢኖራቸውም፣ የ8,000 ብሩን ዕቃ በ400 መስጠት በማንኛውም መመዘኛ ከዚህ እጅግ ያለፈ ነው።

ውስጡ ያለው ፊልም

በመጨረሻም አንድ ነገር እናስታውስ። በካሜራው ውስጥ ፊልም ከተገኘ፣ ወይም ከማኅደሩ ጋር ኔጌቲቭ ካለ፣ ከዕቃው ጋር አብሮ አይሸጥ። በላዩ ላይ ያለው የቤተሰቡ ገመና ሊሆን ይችላል። ያለ ሒጃብ በቤት ውስጥ የተነሱ እናቶችና እኅቶች ይኖሩበት ይሆናል። ፊልሙን ከነጣሳው አውጥቶ፣ በሚታመን ሰው ማሳጠብ ወይም ማስቀመጥ የቤተሰቡ ድርሻ ነው። አሮጌ ካሜራ የሚገዛ ሰውም በውስጡ የማያውቀው ሰው ፊልም ካገኘ ከፍቶ መበርበር ሳይሆን ለባለቤቶቹ መመለስ አለበት።

ለፎቶግራፍ መሠረት የሆነውን የጨለማ ክፍል ምርምር፣ ማለትም ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ገብቶ የውጭውን ነገር ምስል ግድግዳ ላይ እንዴት እንደሚጥል በጥልቀት ከመረመሩት ቀደምት ሰዎች አንዱ የበስራው ተወላጅ ሐሰን ኢብኑል ሀይሠም ነበሩ፤ በካይሮ በ1040 ገደማ ነው ያረፉት። እኒህ ሊቅ በሰው ወሬ ሳይሆን በሙከራና በመለካት ያምኑ ነበር። አሮጌ ካሜራ እጃችን ሲገባም በዚሁ መንገድ እንሂድ። በወሬ አናክብደው፤ በንቀትም አናቅልለው። እንመርምር፤ እንጠይቅ፤ እናስላ። ከዚያም ለባለ ሐቁ ሐቁን እንስጥ።

አላህ (ሱ.ወ) ሪዝቃችንን ሐላል፣ ንግዳችንንም ባለ በረካ ያድርግልን። አሚን።

ወቢላሂ ተውፊቅ።